እህቴን ከሦስተኛው በር ውጭ ላስቀሩት ክቡር ፕሬዚዳንት

ለክቡር ሚስተር ፕሬስኮት ሄንሊ፣
የከተማችን ቤዝቦል ክለብ ፕሬዚዳንት፣
በመስታወት በተከለለው ሞቃት ሰገነትዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት እንደ ሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። በተለይ ሳንባዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ስታዲየምዎ የደከመ ሳንባ እንደማይወድ በቅርቡ ተረድቻለሁና። ስሜ ሌናርድ ቮይቺክ ይባላል። ጡረታ የወጣሁ የአውቶቡስ ሹፌር ስሆን፣ ከታላቅ እህቴ ከበርናዲን ጋር በአሥራ አራተኛው ረድፍ ጎን ለጎን ተቀምጠን ክለብዎ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሸነፍ ተመልክተናል። እርስዎ ከመጡ ገና አምስት ዓመትዎ ስለሆነ ይህ ሁሉ መከራ አልፎዎታል፤ እንኳን ደስ ያለዎት።

በርናዲን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ክለቡ ለዋንጫ ቀርቦ ተሸነፈ። የዚያን ቀን አባታችንን "ሲያሸንፉ እዛው ሆኜ በዓይኔ ነው የማየው" አለችው። ሰባ ዓመት እስኪሞላት ጠበቀች። ሳንባዋ ደክሞ፣ አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ ጎኗ ላይ የኦክስጅን ጠርሙስ ይዛ መሄድ ከጀመረች በኋላ ሐኪሟ ቤቷ ቁጭ ብላ በቴሌቪዥን እንድታይ ቢመክራት፣ "በቴሌቪዥንማ የማላውቃቸውንም አያለሁ" ብላ መለሰችለት። ባለፈው ጥቅምት የሻምፒዮናው ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ በሜዳችን ሆነ። በዚያ ቀን ላደረጉልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ውስጡ የማይታይ ቦርሳ ወደ ስታዲየም አይገባም በሚለው ደንብዎ መሠረት፣ የእህቴ ትርፍ ኦክስጅን የነበረበት ጥቁር ቦርሳ ወደ መኪናችን እንዲመለስ ተደርጓል። ሰባ ሺህ እጅ የሚያጨበጭብበትን ቦታ ከአንዲት አሮጊት ትንፋሽ ስለጠበቁልን አመሰግናለሁ። ከእኛ ፊት የገቡት የክብር እንግዶችዎ ውስኪያቸውን በኮታቸው ኪስ ይዘው አልፈዋል፤ ኪስ ቦርሳ አይደለምና ቅር አላለኝም።

2. እነዚሁ እንግዶችዎ ከፊታችን የተቀመጡት በአራተኛው ዙር ሲሆን፣ ወዲያው ተነሥተው ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ራሳቸውን ፎቶ ያነሱ ጀመር። እህቴ አንዷን "የኔ ልጅ፣ ትንሽ ዝቅ በይልኝ" ብትላት፣ "ቆይ፣ የኛዎቹ ነጭ የለበሱት ናቸው?" የሚል መልስ አገኘች። በትከሻቸው አሻግራ ለማየት ሦስት ዙር ሙሉ ቆመች፤ መቆም ደግሞ ትንፋሽ ይበላል። እንግዶችዎ መንገዱ በመኪና ሳይጨናነቅ ለመድረስ በሰባተኛው ዙር ወጥተው ሄዱ። የእህቴ ጠርሙስ በስምንተኛው አለቀ።

3. ትርፉን ለማምጣት ስትነሣ አብሬያት ልነሣ ነበር። "አንተ ተቀመጥ፣ መኪናው ቅርብ ነው" አለችኝ፤ ተቀመጥኩ። በአራት ነጥብ እየተመራን ወደ ዘጠነኛውና መጨረሻው ዙር ገባን። ሦስተኛው በር ላይ ግን በትልቁ ያስጻፉት ማስታወቂያ አለ፤ በሻምፒዮና ጨዋታ የወጣ አይመለስም ይላል።

እሷ እንደ ወጣች የመጀመሪያው መቺያችን መታ፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም መታ። ሃያ ዓመት አጠገባችን የተቀመጠው ፀጉር አስተካካዩ ሩዲ፣ "ማንም እንዳይነቃነቅ! ሽንቱ የመጣበትም እዛው ይቻለው!" ብሎ ጮኸ። እርስዎ ባያውቁትም እኛም የራሳችን ደንብ አለን፤ ቡድናችን መምታት ከጀመረ የተቀመጠ አይነሣም፣ የወጣም አይመለስም። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ። "ሌኒ፣ አዲሱን ጠርሙስ ይዣለሁ፣ በሩ ጋ ነኝ፣ መጣሁ" አለችኝ። እኔም እየጮኽኩ፣ "እንዳትመጪ! አንቺ ስትወጪ ነው የቀናን! እዛው ሁኚ!" አልኳት። ሳቀች። "እሺ በቃ፣ ግን አንዷንም ሳታስቀር ትነግረኛለህ" ብላ ዘጋችው።

አሸነፍን። ሩዲን አቅፌ አለቀስኩ። እህቴን ያስታወስኳት ዋንጫው ከተነሣ በኋላ ነው። ከሐይቁ በሚነፍሰው ብርድ ኮንክሪቱን ተደግፋ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆማ፣ ስድሳ አንድ ዓመት የጠበቀችውን ድል ከግድግዳው ማዶ በጩኸት ሰማችው። በአሥራ አንደኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተች።

ክቡር ሆይ፣ ነገር የሚወዱ ሰዎች ጥፋቱን ወደ እኔ ሊያዞሩት ይሞክሩ ይሆናል። አይስሟቸው። በርዎ ዝግ ነበር፤ ነይ ብላት ኖሮም አትገባም ነበር፤ ስለዚህ እኔ በስልክ ያልኩት ቃል ምንም የለወጠው ነገር የለም። ገዳይዋ እርስዎ ነዎት። ይህን ማዕረግ ማንም እንዲሻማዎት አልፈቅድም።

4. በቀብሯ ሳምንት በስሟ መጠይቅ ልከውልናል። "የጨዋታው ፍጻሜ ከነበሩበት ቦታ ምን ያህል ጥሩ ይታይ ነበር? ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይስጡ" ይላል። አንድ እንኳ ስለበዛባት ባዶውን መልሻለሁ፤ እንደዘገየች አይቆጠርባት።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ እርጅናም ሲመጣ ባወጡት ደንብ የሚያስተናግድዎ ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከወንበሬ ሳልነሣ እጅ እነሣለሁ።

የዘወትር ደጋፊዎ
ሌናርድ ቮይቺክ
አሥራ አራተኛ ረድፍ፣ አጠገቡ ባዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አሽጌ ሳበቃ የሦስተኛው በር ጠባቂ ዴልበርት ትናንት ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ፣ "ጋሼ፣ ካልነገርኩዎት አይወጣልኝም። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ ብዬ በሩን ከፍቼላቸው ነበር። 'ይግቡ እማማ፣ ማንም አያይም' ብላቸው፣ 'አይ፣ ወንድሜ አትምጪ ብሎኛል' ብለው እንቢ አሉኝ" አለኝ። ደብዳቤውን አልቀደድኩትም። እርስዎ ጠበቃ አለዎት፣ ቃል አቀባይ አለዎት፣ ዓይን አፍጥጦ በመዋሸትም የሚስተካከልዎ አላየሁም፤ ስለዚህ በሠላሳ ስድስት ዓመት ታማኝነቴ እለምንዎታለሁ፦ ዴልበርትን ያባርሩልኝ፤ በሩም ዝግ ነበር ብለው በጋዜጣ ያውጁልኝ።