ሣጥኗ የምትቆምበት ቦታ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? የትንሿ የወለቀው ጥርስ በቀለላት? እኔ «ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ነርሷ የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫዬ ላይ ስታስተካክል ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አፈርኩና ተውኩት። ለሰላምታ ተብሎ ይህን ያህል አይዋሽም።

የኋላውን ክፍል ቀለም አስቀብተሽ መጋረጃ መስቀልሽን ጽፈሽልኛል። መቼ እንደምወጣም ጠይቀሽኛል። በኋላ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ስለ ጋሽ ትንፋሽ ልንገርሽ።

ይህን ስም ያወጣንለት እኛ ነን። የሳንባ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ሌላ ምን ስም ይወጣል? ዕድሜውን ሙሉ በሆቴል አዳራሾች ሃርሞኒካ ሲጫወት የኖረ ሰው ነው። ሃርሞኒካ ትንፋሽ ሲያስወጡም ሲስቡም ድምፅ ስለሚሰጥ ሐኪሞቹ ለአተነፋፈስ ልምምድ ይሆነዋል ብለው ፈቀዱለት፤ ኮንሰርት ይከፍታል ብለው አልጠረጠሩም። ጠያቂዎች ሲወጡ ትራሱን ተደግፎ ቁጭ ይላል። በምላሱ ወፍራሙን ድምፅ እየመታ፣ በከንፈሩ ዳር ዜማውን እየመራ፣ መዳፉን እየከፈተና እየከደነ ብቻውን ሦስት ሰው ይሆናል። እታለም፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም! የፈትል ፋብሪካው ሳንባዬን በጥጥ ብናኝ ሞልቶ፣ ጆሮዬንም በማሽን ጩኸት አደንቁሮ ነው የሸኘኝ፤ ያ ጆሮ እንኳ ተከፈተ።

የሚጫወተው የጥንቱን ክላሲካል ሙዚቃ ነው። እኔ ከክላሲካል ጋር የማልተዋወቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጎኔ የሚተኛው ባለታክሲ፣ ይሄማ ባንክ ስትደውል ይጠብቁ እያለ የሚያስጠብቅህ ነው ብሎ ይጮኻል። ሌላው የሳሙና ማስታወቂያ ነው ይላል። ቀድሞ ያወቀ ቀጣዩን ዜማ ይመርጣል፤ ሕጋችን ይህ ነው። አንድ ቀን የቀብር ማርሹን፣ አስከሬን ሲሸኝ የሚነፋውን፣ በጭፈራ ምት ተጫወተልን። ሁላችንም አወቅነው፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። በመጨረሻ ባለታክሲው፣ ይሄን አውቄዋለሁ ግን ተራዬን ለሌላ ሰጥቻለሁ ሲል ሳቅ በሳቅ ሆንን። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ነርሷ እየሮጠች መጣች።

ታዲያ ከዕለታት በአንዱ የእማዬን ሣጥን ዜማ ጀመረ። ያቺን የጌጥ ሣጥን፣ ክዳኗ ሲከፈት የምትዘፍነዋን። ከአልጋዬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «የእናቴ ሣጥን!» ብዬ ጮህኩ። ሞላዋ ስለላላ ዜማው ሽቅብ የሚወጣበት ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ቀጥ ትል ነበር፤ የቀረውን አንቺ እያንጎራጎርሽ ትጨርሺልኝ ነበር። ጋሽ ትንፋሽ ግን እዚያ ሳይቆም አለፈ፣ አልፎም ወደማላውቀው ቦታ ይዞት ሄደ። «ጋሼ፣ ተሳሳትክ!» አልኩት እልሽ! ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተውን ዜማ!

ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። እሱ አልሳቀም። ሃርሞኒካውን ከአፉ አወረደና እስቲ እንዴት ነው የሚያልቀው አለኝ። ያንቺን መጨረሻ አንጎራጎርኩለት። ማን ነው የደረሰው ብሎ ጠየቀኝ፤ እህቴ አልኩት። የዋናው ደራሲ መጨረሻ ይራቀቃል፣ የእህትህ ግን ቤት ያደርሳል አለኝ። ከዚያ ወዲህ ባንቺ መጨረሻ ነበር የሚጫወተው። ይህን ስጽፍልሽ ደስ እያለኝ ነው፤ ሌላ ደስ የሚል ወሬ የለኝም።

ትንፋሹ እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን ዜማዎች ተወ። ቀጥሎ አጫጭሮቹንም መሃል ላይ ማቋረጥ ጀመረ። እሱ ሲያቋርጥ እኛ በየአልጋችን ሆነን የቀረውን እንጨርስለታለን፤ ግማሹ ያንጎራጉራል፣ ግማሹ ያስላል፣ ኦርኬስትራችን ይህ ነበር። በኋላ በሩ አጠገብ ወዳለው አልጋ አዛወሩት። እዚህ ክፍል በሩ አጠገብ የተኛ ሰው ወደ መሃል ተመልሶ አያውቅም። እሱንም እንደ ቀብር ማርሹ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ማንም አይናገረውም።

ሃርሞኒካው ለእኔ እንዲሰጥ ለነርሷ ነግሯት ኖሮ በአልኮል ጠርጋ፣ በፎጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። አለቀስኩ፤ ካንቺ ምን እደብቃለሁ። ሲተኙ ነገ ይሻለኛል፣ ሲነሱ ነገ ይሻለኛል። ይህን ማለት ራሱ ደከመኝ፣ እታለም።

አሁን የምጫወተው እኔ ነኝ፤ መጫወት ከተባለ። የማውቀው የሣጥኗን ዜማ ብቻ ነው። እሱንም ሽቅብ የሚወጣበት ጋ ስደርስ ልክ እንደ ሣጥኗ ቀጥ እላለሁ። ያኔ ክፍሉ በሙሉ ባንቺ መጨረሻ ይጨርስልኛል። አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች፣ ያ ድምፁ የጎረነነ ባለታክሲ ሳይቀር፣ ያንቺን ዜማ በቃላቸው ይዘውታል።

መቼ ትወጣለህ ላልሽኝ፣ ክፍሉን ለትንሿ ስጪያት። ቀለሙ ለልጅ ያምራል። መጋረጃውንም አትንቀዪው፣ ይሁናት። እኔንም ሰሞኑን ቦታ ቀየሩኝ። ጥሩ ቦታ ነው፤ ነርሶቹ ሲገቡ ሲወጡ አያቸዋለሁ፣ ከኮሪደሩም ነፋስ ይመጣል። ባለታክሲው ብቻ ራቀኝ፤ ከመሃል ሆኖ እጁን ያውለበልብልኛል።

ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ደጅሽ ሳቅ አይጣ፣ ትንፋሽ አይጠርባችሁ። ሃርሞኒካው ሲደርስሽ ልጆቹ አፋቸው ውስጥ ሳይከቱት በአልኮል ጥረጊው። ከዚያ የእማዬን ሣጥን ክፈቺያት፤ ስትቆም አንቺ ጨርሺልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ