ቀዳዳውን ቀለም ለቀቡልኝ የክርስትና ልጄ

ለተከበሩ አቶ ዓለምነው፣
የጋራዥ ባለቤትና የከተማችን የጋራዥ ባለቤቶች ማኅበር ሊቀ መንበር፤
ጎንደር።

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ጋራዥዎ፣ በደጁ የተሰቀለው ሰፊ ማስታወቂያዎ ሁሉ ደኅና ነው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ የማኪናዬም ኤሲ ከእጅዎ ከወጣ ወዲህ ደኅና ነው። ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህር አምሐ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ እርስዎን ግን ከሰው ቆጥሬ ነበር። መምህሩ ቃሉን ላለዝበው ቢለኝ እንዳልሁት ጻፈው ብዬዋለሁ።

እስከ ዛሬ አንተ ስልዎ ኖሬ አሁን እርስዎ ማለቴ አይድነቅዎ። በአርባ ቀንዎ አቅፌ ያስጠመቅሁዎ የክርስትና አባትዎ ብሆንም፣ አንተ የሚባለው የሚያውቁት ሰው ነው።

ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በተራ አስጽፌዋለሁ።

፩ኛ፦ እኅቴ እናኑ አዲ አርቃይ እንደምትኖር፣ በየወሩ ጎንደር ሐኪም ዘንድ እንደምትመላለስ፣ ደረቷ አቧራ ልቧም ሙቀት እንደማይችል፣ ስለዚህ መስኮቱ ተዘግቶ ኤሲው መሥራት እንዳለበት አንድ በአንድ ነግሬዎ ነበር። ልጄ ምንይችል ሙቅ አየር የሚነፋውን ማኪና ሲያመጣልዎ ኮፈኑን ከፍተው ገና ሳያጎነብሱ ጋዝ አልቆ ነው አሉ። ሳያዩ ማወቅ የባሕታዊ ጸጋ ነውና ስለዚህ ስጦታዎ አመሰግናለሁ።

፪ኛ፦ ጋዙን ሞሉት፤ ዐሥር ቀን ቀዝቅዞ ሞቀ። ዳግመኛ ሞሉት፤ ዳግመኛ ሞቀ። በእኛ በደምቢያ ስልቻ እህል ሲያንጠባጥብ መጀመሪያ ቀዳዳውን እንፈልጋለን እንጂ እህል አንጨምርበትም። ገበሬ ስለሆንን ይሆናል።

፫ኛ፦ በሦስተኛው ጊዜ ቱቦውን በአዲስ ለውጬዋለሁ፣ በክርስትናዬ፣ ብለው ማሉልኝ። በነሐሴ ጧት እጄን ይዘው ከአየር መውጫው ላይ አኖሩና፣ አያ ቢያዝን፣ ይኸው እንደ ደባርቅ ውርጭ፣ አሉኝ። ሸጋ ንግግር ነበር፤ እውነትም በረደኝ። በነሐሴ ጧት ጎንደር ላይ የማይበርድ ምን አለ? ወደ ቆላ ወርዶ መሞከር ሲገባኝ እዚሁ ደጋ ላይ ማመኔ የራሴ ሞኝነት ነው፤ ለእርስዎ አላካፍልም። የከተማችንን አየር እንደ ራስዎ ሥራ አድርገው ስላስረከቡኝ ግን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፬ኛ፦ አዲ አርቃይ ወርደን እናኑን ስንጭን ማን ሠራው ብላ ጠየቀችኝ። የክርስትና ልጄ ነው፣ ዋሱ እኔ ነኝ አልኋት። በዚህ ቃል ገባች። ዛሪማ ቆላ ላይ ኤሲው የእቶን ትንፋሽ ይተፋብን ጀመር። መስኮቱን ስንከፍት አቧራው፣ ስንዘጋ ሙቀቱ፤ እኅቴ ከንፈሯ ጠቁሮ ራሷን ሳተች። ከማኪናው አውርደን ጥላ ሥር ውሃ ስናፈስባት ነፍሷ ተመለሰች። ዐይኗን ገልጣ መጀመሪያ የተናገረችው፣ አያ፣ ያ ዋስ የሆንኸው ልጅ ደኅና ነው ወይ፣ የሚል ነበር። እነሆ ሰላምታዋን አድርሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ማኪናውን ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ላላት ዓይናዲስ ለምትባል ሴት ሰጠሁ። ብዙ አልተናገረችም። አየር ሞላችበትና ቱቦውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀባችው፤ አንድ ቦታ ላይ አረፋው ተነፍቶ ፈነዳ። በአዲስ ተለወጠ ያሉኝ ያው አሮጌው ቱቦ ነው። ስንጥቁ በማጣበቂያ ተደፍኖ፣ በላዩ ጥቁር ቀለም ተቀብቶበታል። ባለማወቅ ቢሆን ምንም አልልም ነበር፤ ባለሙያ ይሳሳታል፣ ቄስም ይሳሳታል። ቀዳዳውን ያላየ ሰው ግን ቀለም አይቀባውም። ምነው፣ አልቻልሁም ቢሉኝ ምን ነበረበት?

ዓይናዲስ ቱቦውን ለውጣ ጋዝ ሞላችው። አሁን ዛሪማ ድረስ ወርደን ሞክረነዋል፤ በቀትር ምንይችል ጋቢ ለብሶ ነዳ። እናኑ ግን አትገባም። ባለፈውም ይበርዳል ብለኸኝ ነበር ትለኛለች። ሁለት ቀጠሮ አልፏት መድኃኒቷ እያለቀ ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ቃሌን ተጠራጥራ የማታውቅ እኅቴ ናት።

በአርባ ቀንዎ አፍዎ ገና አልተፈታምና ሰይጣንን እክዳለሁ ብዬ በእርስዎ ፈንታ የተናገርሁት እኔ ነኝ። አዲ አርቃይም ላይ በእርስዎ ፈንታ ተናገርሁ። አሁን አፍዎ ተፈትቷልና ራስዎ ይናገሩ። በሚመጣው ማክሰኞ ጧት ምንይችል ከጋራዥዎ ደጅ ይቆማል። ወደ አዲ አርቃይ ይውረዱ፤ በእኅቴ ፊት ቆመው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ አያ ቢያዝን አልዋሸም፣ ይበሏት። ከዚያም መስኮቱ ተዘግቶ፣ አጠገቧ ተቀምጠው ለሐሙሱ ቀጠሮዋ ጎንደር ድረስ ያምጧት። ሌላ የምጠይቅዎ የለኝም።

ክብርዎና ወንበርዎ እንዳይናወጥ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር በአውራ ጣቴ አሻራ ያጸናሁት፣

የክርስትና አባትዎ
ቢያዝን ዳኛው
የቆላ ድባ ተወላጅ፣ የጎንደር ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ ምነው በአደባባይ ተለጠፈብኝ ይሉ ይሆናል። ደብዳቤውን በማኅበርዎ ደጅ ካለው የቅሬታ ሳጥን ልከት ሄጄ ነበር። ቁልፉ ከማን ዘንድ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ከሊቀ መንበሩ ኪስ ነው አሉኝ።