የቁም ሙሾ

ይድረስ ለእናቴ ለየሺ።

እማዬ፣ እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺ ለወጉ ያህል የሚባል ሰላምታ አትወጂም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እንደምናችሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥምሽ ከንፈርሽን ነክሰሽ ሳቅሽን ትውጪው ነበር። ስለዚህ ወደ ነገሬ ልግባ። ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ቆርቆሯችንን መደብደብ ጀምሯል። ብቻዬን የሠራሁት አልበም ወጥቷል። ሰው ወዶታል፣ እማ። መጨረሻውን ቀድሜ የነገርኩሽ፣ ወሬ ሲንዛዛብሽ «አንቺ ልጅ፣ ሞተ ወይስ ዳነ?» እያልሽ ታቋርጪኝ ስለነበር ነው። ድኗል።

ከቤት ልጀምር። በራችን ላይ ያለው መንገድ ሰፍቶ አስፋልት ሆኗል፤ ጭቃውን ሲያማ የኖረው የሰፈር ሰው አሁን ደግሞ መኪና በዛ ብሎ ያማርራል። ውሃ በየግቢው ስለገባ ቦኖው ተዘግቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቦኖውን ቧንቧ ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩት ጎረቤትሽ እትዬ ውዴ ሥራውን ቢተዉም፣ እንደ ድሮው ከእኛ ጋር ግድግዳ ተጋርተው አሉ። እድሩ አዲስ ድንኳን ገዝቷል። አሮጌው በአንቺ ለቅሶ ቀን ሰዉ ላይ ሲያፈስ ስለዋለ ነው፤ ሞተሽም ለሰፈሩ አንድ ነገር አስገዛሽ። ነጠላሽ በሩ ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ ነው። አላወረድኩትም።

አሁን ሁለት ዓመት ያፈርኩበትን ልንገርሽ። የቀብርሽ ቀን ዝም አልኩ። ከአስኮ እስከ አየር ጤና ሰው የሚጠራሽ ሙሾ አውራጅ፣ የማታውቂውን ሰው እንኳ በግጥም የምትሸኚ፣ አንቺ ስትሞቺ ድንኳኑ ውስጥ የሚያስለቅስ ጠፋ። ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያዩ ነበር። ዘፋኝ ነኝ፤ ድምፄን በሬዲዮ ያውቁታል፤ ከሁሉም በላይ ልጅሽ ነኝ። ከእኔ በፊት ማን ይጀምር? አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቀዘ። እትዬ ውዴ እጄን ይዘው እስከ መቃብሩ ወሰዱኝ፤ አንቺም ያለ አንድ ስንኝ ተሸኘሽ።

ለምን እንደተዘጋሁ አንቺም እኔም እናውቃለን። ትምህርት ቤት «የአልቃሽ ልጅ» ሲሉኝ ድንጋይ አነሳ ነበር። ካደግኩ በኋላ ደግሞ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቡድን መሥርተን፣ የሠርግ ዘፈናችን በየአዳራሹ ሲጨፈርበት፣ ቴሌቪዥን ላይ ቀረብን። ጋዜጠኛው እናትሽ ምን ትሠራለች ብሎ ሲጠይቀኝ ነጋዴ ናት አልኩት። እናቷ ቀብር ላይ የምታለቅስ ዘፋኝ ማን ለሠርጉ ይጠራል ብዬ ፈርቼ ነው። አንቺ ያንን ከጎረቤት ጋር ተቀምጠሽ አየሽው። አልተቆጣሽም። በማግስቱ ለቅሶ ልትሄጂ ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ እየለበስሽ፣ «በይ እኔ ንግዴን ላጧጡፍ» ብለሽኝ እየሳቅሽ ወጣሽ። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሞትሽ በኋላ ቡድኑን ተውኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ተባልኩ። ጓደኞቼም አኮረፉኝ፤ አልፈርድባቸውም። የራሴን አልበም ልሠራ ስቀመጥ ግን የምጽፈው ሁሉ የሌላ ሰው መሰለኝ። ዓይንህ፣ ጥርስህ፣ ናፍቆትህ፤ ዓይኑ የማንም ሊሆን ይችላል። አንድ ጠዋት ልብስ ሳጥብ የአንቺ አሠራር ትዝ አለኝ። ለቅሶ ቤት እንደደረስሽ፣ ገና ሳትጀምሪ፣ ከቤተ ዘመዱ አንዷን ጥግ ይዘሽ ትጠይቂያት ነበር። የምትጠይቂው የሟቹን ዘር ወይም ሀብት አልነበረም። እጁ ምን ይሠራ ነበር ነው የምትያት። የአንዱ እጅ ሰዓት ይጠግን ነበር፤ የአንዷ እጅ የጎረቤት ልጆችን ፀጉር ይሠራ ነበር። ከዚያች ከአንዲት ነገር ተነስተሽ ቤቱን ሙሉ ታስለቅሺዋለሽ። እኔ ቀሚስሽን ይዤ ስከተልሽ ይህን ሁሉ ሰምቻለሁ። ግጥም የተማርኩት እዚያ ነው፤ ሌላ ቦታ የተማርኩ እየመሰለኝ ስንት ዓመት ኖርኩ።

እና አሰብኩ። ሟች ሙሾውን አይሰማም። ያ ሁሉ ያማረ ነገር የሚባለው ጆሮው ከተዘጋ በኋላ ነው። በአገራችን የቁም ተዝካር የሚያወጣ ሰው አለ፤ ልጅ የሌለው፣ ወይም ልጆቹን የማያምን፣ በሕይወት እያለ ደግሶ ያበላል። ታዲያ የቁም ሙሾ ለምን አይኖርም? አሥር ዘፈን ልሠራ ወሰንኩ። ዘጠኙ በአንቺ ዜማና በአንቺ አጠያየቅ፣ በሕይወት ላሉ የሰፈራችን ሰዎች ይሆናሉ። አሥረኛው የአንቺ ነው። እሱን ግን ወረቀት ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር ያ የድንኳኑ ዝምታ ይመጣብኛል።

አቀናባሪው ሚኪ ይባላል። ስቱዲዮው አየር ጤና ከጋራዦች ጀርባ ስለሆነ መዶሻው ጋብ ሲል ጠብቀን ነው የምንቀዳው። ሐሳቤን ስነግረው ሟርት ነው አለኝ፤ ማን ሰው ልደቱ ላይ ሙሾ ይከፍታል አለ። ጨቅጭቄ ጨቅጭቄ አንዱን ብቻ እንሞክረው አለኝ። የእትዬ ውዴን ሰጠሁት።

ተማሪ እንዳይረፍድበት ሰልፍ እየሰበረች፣
የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ውዴ አስመረቀች።

ታስታውሺ የለ? ደብተር የያዘ ልጅ ካዩ የማንንም ጀሪካን ገፍተው የእሱን ይሞሉ ነበር። ሰልፈኛው ሲሰድባቸው አይሰሙም። ከእነዚያ ልጆች አንዷ እኔ ነበርኩ።

ሚኪ የሠራውን ሲልክልኝ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ቤት እየጠረግኩ ስለነበር ስፒከሩን መስኮቱ ላይ አድርጌ እየደጋገመ እንዲጫወት ድምፁን ለቀቅኩት። ጥፋቴ ይኸው ነው። በአንቺ የሙሾ ዜማ፣ በውዴ ስም፣ ያውም ከየሺ ቤት መስኮት። የሰፈሩ ሰው ምን ይበል?

ሩብ ሰዓት አልሞላም። ከታች በኩል ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮኹ መጡ። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ጋሽ በዳሶ፣ እኔ ሳልለፍፍ ማን ተናገረ በሚል ንዴት ጡሩምባቸውን ታቅፈው ይሮጣሉ። ሁለት ጎረምሶች አዲሱን ድንኳን በጋሪ ይገፋሉ። እኔ ከስፒከሩ ጩኸት የተነሳ ምንም አልሰማሁም። መጥረጊያዬን ይዤ ብወጣ በእትዬ ውዴ በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ደረቱን ይመታል። በሩ ተከፈተና ጓሮ ሲያጥቡ ዘፈኑን ያልለዩት እትዬ ውዴ የታጠበ አንሶላ በሳፋ ይዘው ብቅ አሉ። ሰዉን አዩ፤ ሳፋውን ቀስ ብለው አስቀመጡ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ማን ሞተብን ብለው ጠየቁ።

ዘፈኑ ነው የመለሰላቸው። ከመስኮቴ ሆኖ በስማቸው ጠራቸው።

እማ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ጋሽ በዳሶ ሟርተኛ አሉኝ። አንዷ ደግሞ በቁም ሰው ላይ ሙሾ ማውረድ ዕድሜውን ማሳጠር ነው አለች። አልተቃወምኳቸውም፤ እኔም ያደግኩት ይህንኑ እየሰማሁ ነው። እትዬ ውዴ አጥፊልኝ ካሉ ላጠፋው፣ ሌሎቹንም ልተዋቸው፣ አልበም የሚባለውን ነገርም እዚያው ልቀብረው በልቤ ወሰንኩ። እሳቸው ግን የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን ሳያስተካክሉ ደጃቸው ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ከመጀመሪያው መልሽው» አሉኝ።

መለስኩት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ መዳፋቸውን እያዩ፣ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ሲያልቅ ጎረቤቱን አንድ በአንድ ቃኙና እንዲህ አሉ።

«ያን ሁሉ ዘመን ውሃ ሳስቀዳ ሰልፉ ረዘመ ከማለት ሌላ አንድ ሰው የተናገረኝ የለም። የሚባልልኝ ነገር እንዳለ ሳልሞት ሰማሁት። ይሄ ሟርት አይደለም፣ ምርቃት ነው። በሉ አንዴ መጥታችኋል፤ አልቅሱልኝ።»

አለቀሱላቸው። እትዬ ውዴ ቁጭ ብለው እያዩ ሰዉን አስለቀሱት። ግማሹ ሰው እየሳቀ ነበር፤ ጋሽ በዳሶ እንኳ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው በጋቢያቸው ዓይናቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ድንኳኑ ሳይተከል በጋሪው ተመለሰ። እኔ መጥረጊያዬን ተደግፌ፣ ይህን አንቺ ብታዪ ኖሮ እያልኩ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅኩ።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በራችን ሥራ ፈቶ አያውቅም። ሰው ሰበብ ፈልጎ ይገባና ትንሽ ተጫውቶ፣ ሊወጣ ሲል ለመሆኑ የእኔስ ይለኛል። ሟርተኛ ያሉኝ ጋሽ በዳሶም በሳምንቱ መጥተው፣ እንዲያው ለነገሩ፣ ጡሩምባ መንፋትም የእጅ ሥራ ነው አሉኝ። አልበሙ ላይ ስድስተኛው ዘፈን የእሳቸው ነው። ቆሼ ላይ ከተጣለው መሃል የትምህርት መጽሐፍ እየለየች ገጹን አጣብቃ ለሰፈር ልጆች የምታድል ሴት አገኘሁ፤ ሰባተኛው የእሷ ሆነ።

አሥረኛው ግን አሁንም የለም። ሚኪ በዘጠኙ እንጨርስ ብሎኝ ነበር። እትዬ ውዴ ይህን ሲሰሙ ከእድሩ ሴቶች ስድስቱን ሰብስበው ስቱዲዮ ይዘዋቸው መጡ። እዚያች ጠባብ የመቅጃ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆነን ታጨቅን፤ አንዷ ሻሼ ይበላሻል ብላ የጆሮ ማዳመጫውን አላደርግም አለች። ሚኪ ከበሮውን ሊከፍት ሲል እትዬ ውዴ በእጃቸው ከለከሉት። ሴቶቹ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ያ የደረት አመታት፣ አንቺ ያስተማርሻቸው፣ ሁለት ጊዜ ጠበቅ አንድ ጊዜ ላላ። እትዬ ውዴ እንደ ቀብርሽ ቀን እጄን ያዙኝ። ምንም ወረቀት አልያዝኩም ነበር።

ስንቱን በግጥም ሸኝታ፣ ስንቱን አስለቅሳ፣
እናቴ ዝም ብላ ሄደች ግጥሟን ተንተርሳ።

ወጣ፣ እማ። ሁለት ዓመት ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር ወጣ። ጨረስኩ ብዬ ሳበቃ እትዬ ውዴ ማንም ሳይጠይቃቸው ከጎኔ ተቀበሉኝ።

የሺን ሞተች ያላችሁ፣ መርዶውን መልሱት፣
በልጇ ጉሮሮ አለች፣ ኑና ድምጿን ስሙት።

ሚኪ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ደግመን አልቀዳነውም፤ አልበሙ ላይ ያለው ይኸው ነው። ወደ መጨረሻው ከጋራዡ አንድ የመዶሻ ድምፅ ገብቶበታል። እሱንም ተወው አልኩት፤ ሰፈሩ ነው።

አሁን ታክሲው ሁሉ ይከፍተዋል። ባለፈው እትዬ ውዴ አየር ጤና ፌርማታ ላይ ታክሲ ሲገቡ ረዳቱ ውዴ አስመረቀች እያለ ያንጎራጉራል። ውዴ እኔ ነኝ ቢሉት አላምንም አለ፤ ተሳፋሪው ሲመሰክርላቸው ጋቢና የተቀመጠውን ሰው ወደ ኋላ ልኮ እሳቸውን ፊት አስቀመጣቸው። ይህን ለሰፈሩ ስንት ጊዜ እንደተናገሩት አትጠይቂኝ። ሚኪም ተሸንፏል፤ ሰው ልደቱ ላይ እየከፈተው ነው።

አልበሙ የተመረቀ ዕለት፣ እሑድ ከሰዓት፣ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በር ላይ ቀረ። የእድርሽ ሴቶች ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። መድረክ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የተናገርኩት ስለ አንቺ ነው። ድሮ ቴሌቪዥን ላይ እናቴ ነጋዴ ናት ብዬ ነበር፤ ዋሽቻለሁ፤ እናቴ የሺ ሙሾ አውራጅ ነበረች፤ የምትሰሙት ሁሉ የእሷ ሙያ ነው አልኩ። ከዚያ እትዬ ውዴ እልል አሉ፤ ሁሉም ተከተላቸው። አሥረኛው ዘፈን ላይ ስደርስ፣ ለቅሶ ቤት ገብተው የማያውቁ የሚመስሉ፣ ጂንስ የለበሱ ልጆች ደረታቸውን እየመቱ መርዶውን መልሱት እያሉ ተቀበሉኝ። ያ ሁሉ ሰው ላንቺ ቆመ፣ እማዬ። ድንኳኑ ውስጥ የጎደለብሽ ያን ቀን ሞልቶ ፈሰሰ።

ዛሬ ነጠላሽን ከሚስማሩ ላወርደው ነው። ከሰፈራችን ሰው ሲሞት አዘቅዝቄ ለብሼው እሄዳለሁ፤ አንዷን ጥግ ይዤ እንዳንቺ እጠይቃለሁ፤ ጉሮሮዬም ከእንግዲህ አይዘጋም። አንድ ቀን የእናትሽ እጅስ ምን ይሠራ ነበር ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣም መልሱን እስካለሁ አልረሳውም። በቀኟ ደረቷን ትመታ ነበር እለዋለሁ፤ በግራዋ ደግሞ ሐዘንተኛውን እንዳይወድቅ ትይዘው ነበር።

የአልቃሿ ልጅ፣
ፍሬ