የሪሃም ዕቃ የወጣ ዕለት

ማንሱራ፣ ዓርብ ጠዋት

ውድ ወንድሜ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ከጉልበቴ በቀር የሚያመኝ የለም፣ እሱም ደረጃ ካልወጣሁ ዝም ይላል። ይህን በስልክ ልነግርህ ነበር፤ ግን የልጅህን እናት የዊዳድን ስም በጠራሁ ቁጥር መስመሩ ይቋረጥብሃል። ስለዚህ ጽፌ አንተ ወዳለህበት ቤንጋዚ ለሚመላለሰው ሾፌር ልሰጠው ነው።

ትናንት የልጅህ የሪሃም ዕቃ ወደ ሙሽራው ቤት ወጣ። የሙሽራዋ ወገን የወጥ ቤቱን ዕቃ አሟልቶ ካላመጣ ሰፈሩ ምን እንደሚል ታውቃለህ፤ አባቷ አጠገቧ ያልሆነች ልጅ ስትሆን ደግሞ የባሰ ይቆጥራል። የሙሽራው እናት ባለፈው መጥታ፣ "አይዟችሁ፣ የጎደለውን እኛ እንችለዋለን" ስትል እኔም ነበርኩ። ዊዳድ ፈገግ ብላ፣ "አላህ ይስጥልኝ እህቴ፣ እናንተ ብቻ በሩን ሰፋ አድርጋችሁ ክፈቱ" አለቻት።

አንተ ሚስትህን፣ ይቅርታ፣ የልጅህን እናት፣ ጠንቅቀህ አታውቃትም። ከሄድክ ጀምሮ ገበያው በር ላይ ተቀምጣ ዝኩኒና ደበርጃን ትቦረቡራለች፤ ከሥራ የሚወጡት አስተማሪዎችና ነርሶች ገዝተው ቤታቸው ሩዙን ብቻ እንዲሞሉበት። የምታገኘውን በየሳምንቱ የፎቃችን ሴቶች እቁብ ውስጥ ትጥላለች። ሌላው ለመጀመሪያው ተራ ሲነታረክ እሷ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ትለምናለች። ሰብሳቢያችን የሃኒ እናት አንዴ ተናዳ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ይዘሽ ብቻሽን ነሽ፣ ምናለ ቀድመሽ ብትወስጂ?" ብትላት፣ "ቀድሞ እጄ ከገባ እኔን ሥጋ ያምረኛል፣ ልጅቷን ጫማ ያምራታል። እናንተ ጋ ይሁንልኝ፤ እግራችሁ ላይ ብወድቅም አትሰጡኝም" ስትል ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

ተራዋ ሲደርስም ገንዘቡ ቤት አያድርም። በዚያው ቀን ድስት፣ ብርድ ልብስ ወይም የሻይ ብርጭቆ ገዝታ ካርቶኑን አልጋ ሥር ትከታለች። አልጋው በካርቶን ላይ ከፍ እያለ ሄዶ ሪሃም የምትተኛው ወንበር ላይ ቆማ እየወጣች ነበር። "ጣሪያው ሳይነካሽ ቶሎ አግቢ" እያልኩ እቀልድባት ነበር።

እና ትናንት ሦስት ፒካፕ ሞላ! ፍሪጁ ከፊት፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ከኋላ፣ ድስቶቹ በፀሐይ እያብረቀረቁ። የሙሽራው እናት አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ደስታዬን ምን ብዬ ልጻፍልህ? አለቀስኩ። ሴቶቹ እልልታውን አቅልጠው ለሙሽራዋ አባት የሚዘፈነው ጋ ሲደርሱ ግን ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ተያዩ። ያኔ ዊዳድ ራሷ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "የሪሃም አባት ይኑርልን፣ ይህን ሁሉ የላከልን" ብላ አወጣችላቸው። እኔ "ምኑን ላከ!" ልል አፌን ስከፍት እግሬን ረገጠችኝ፤ እስካሁን አብጧል። በኋላ ስቆጣት፣ "ልጄ ባሏ ቤት አንገቷን ደፍታ አትገባም። ለእሷም ‘አባትሽ ነው የላከው’ እያልኩ ነው ያሳደግኋት፤ ዛሬ አላፈርሰውም" አለችኝ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለች ሴት በዕድሜዬ አላየሁም።

ሪሃም ግን ዘፈኑ ሲደምቅ ከሰው መሃል ወጥታ፣ መቦርቦሪያው ያሻከረውን የእናቷን መዳፍ ገልብጣ ሳመችው። እኔ ለልጅቷ ምንም ነግሬያት አላውቅም፣ ወላሂ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። የሙሽራው አባት ሊያመሰግንህ ቁጥርህን ወስዷል፤ በሚመጣው ዓርብ ይደውልልሃል። አደራህን፣ "እኔ የላክሁት የለም" ብለህ እንዳታዋርዳት። ገንዘብ አልጠይቅህም፤ እሷም ጠይቃህ አታውቅም። "ልጄ አይደለችም እንዴ" በለውና ዝም በል። ለሪሃም እስከዛሬ ያደረግህላት ይህ ብቻ ይሆናል፤ እሱን እንኳ አድርግላት።

አላህ ጤናህን ያብዛልህ፣ ክፉ አያሳይህ። እዚያ ያሉትን ልጆችህንም ያሳድግልህ፤ አንድ ቀን ስማቸውን ትነግረኝ ይሆናል።

የምትወድህ እህትህ