ከረጢቱን የፈታሁት እኔ ነኝ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ የባሕሩን አየር ለመደው ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ትነጫነጫለሽ? የአባዬ ሳልስ ለቀቀው? እዚያ ለሚስዮን በሄዳችሁበት ቶንጋ ዓሣ የሚያመጡላችሁ ጎረቤቶቻችሁ፣ ባልም ሚስትም፣ ልጆቻቸውም ደህና ናቸው? እኛ ከሙቀቱና ከአቧራው በቀር ምንም አልሆንን። ባለቤቴ ግራንት ደህና ነው፤ ጀርባውን ያመዋል፣ ሐኪም ዘንድ ግን አይሄድም። ኮኩ ዘንድሮ ደቃቃ ነው፣ ጣዕሙ ግን አልከፋም። ግማሹን በጠርሙስ አሽጌ ምድር ቤትሽ ደርድሬልሻለሁ።

ደብዳቤሽ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። አንብቤ ኪሴ ከተትኩትና ይዤው ዋልኩ። «ወንድምሽን አታሳፍሪው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ወንድም ቶርገርሰን ከአባትሽ ጋር ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቅጠላቸውን ተቀብለሽ ፈርሚላቸውና ነገሩ ይለፍ» ብለሻል። እናቴ፣ አልፈርምም። ይህን ከላይ የጻፍኩት እስከ መጨረሻው ተስፋ እያደረግሽ እንዳታነቢ ብዬ ነው።

ዳርቬል ምን ብሎ እንደጻፈልሽ አላውቅም። ወንድሜ ሲጽፍ የሚዘለው ነገር ሁልጊዜ ዋናው ነገር ነው። ስለዚህ ከሥሩ ልንገርሽ።

ወንድም ቶርገርሰን በጁላይ መጨረሻ እንደ ልማዳቸው ለእንቅልፍ እንክብላችን የሚሆነውን ቅጠል በመኪናቸው ጭነው መጡ። ልማዱን አንቺው ነሽ ያመጣሽው። መኪናው ጓሮ ይቆማል፤ እጅ ለእጅ ትጨባበጣላችሁ፤ እሳቸው ወጥ ቤት ገብተው ኬካቸውን ሲበሉ ከረጢቱ ሳይፈታ ወፍጮ ቤት ይገባል። በሰው ፊት ከረጢት መፍታት «ሌባ ነህ» ከማለት አይለይም ነበር። እኔም የፋብሪካሽ የጥራት ኃላፊ ከሆንኩ ጀምሮ ናሙና የምወስደው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው፤ ቅር እንዳይላቸው። በየዓመቱ አስፈትሻለሁ፣ በየዓመቱም ንጹህ ነበር። ዘንድሮ ግን ከረጢቶቹ ሲወርዱ የለመድኩት ሽታ አልመጣልኝም። እዚያው ጓሮ፣ እሳቸው ቆመው እያዩ፣ ገመዱን ፈታሁት። ዞር ብለው ተራራውን ማየት ጀመሩ።

ቅጠሉን ሶልት ሌክ ወዳለው ላቦራቶሪ ላክሁት። ከሦስት እጅ አንዱ የኛ ቅጠል አይደለም። ጀርማንደር የሚሉት፣ ከኛው ጋር እንደ እህትማማች የሚመሳሰል ሌላ ቅጠል ነው። የኛው ያስተኛል፤ ያኛው ጉበት ይበላል። ተሳስተው ይሆናል ብዬ ሌላ ናሙና ለሌላ ላቦራቶሪ ላክሁ። መልሱ ያው ነው።

ዳርቬል ቢሮው አስጠርቶኝ በሩን ዘጋ። የሱቆቹ ትእዛዝ ደርሷል፣ ጠርሙሱ ተገዝቷል፣ የሚለጠፈው ወረቀት ታትሟል። «ከሌላው ጋር ቀላቅለን ብናሳሳውስ?» አለኝ። «አይጥ የሞተችበትን ወተት ብታሳሳው አይጧ ትወጣለች?» አልኩት። «በኛ እንክብል ማን ሞቶ ያውቃል?» አለ። «የሞተ ሰው ስልክ ደውሎ አያማርርም» አልኩት። ከዚያ የለመደውን አመጣ፦ ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው የዩታን ቅጠል ምን ያውቃል፣ ደንቡን ያስጻፉት መድኃኒት ሻጮቹ እኛን ሊያጠፉ ነው፣ እማዬ በጋራዥ ውስጥ እንክብሉን በእጇ ስትሞላ ማን ፈተሻት። «አውቃለሁ፣ ይህ ያንተ ሳይሆን የእማዬ ንግግር ነው» አልኩት። በ1993 የመንግሥት ሰዎች እንክብሉን ሊከለክሉን ሲመጡ በከተማው አዳራሽ ወንበር ላይ ቆመሽ «ከወጥ ቤቴ ውጡልኝ» ስትያቸው ከጎንሽ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬም ሊከለክሉን ቢመጡ አጨበጭባለሁ። ይህ ደንብ ግን አትሽጡ አይልም። ቅጠሉ ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ስሙ የተጻፈው ቅጠል መሆኑን በምርመራ እወቁ፤ የአቅራቢው ቃል ብቻውን አይበቃም ይላል። የጥራት ኃላፊው አይሆንም ያለውን ደግሞ ባለቤቱም ቢሆን ይሁን ሊል አይችልም ይላል። ዳርቬልን ያንገበገበው ይኼኛው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አይሆንም ያለው ሰው የለም።

በደብዳቤሽ ላይ ያልጻፍሽው፣ ምናልባትም ዳርቬል ያልነገረሽ ነገር አለ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ቤተሰቡ ሁሉ በኔ ጉዳይ እንዲጾም አወጀ። የሰማሁት ከሚስቱ ከሸርሊን ነው። ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ መጥታ፣ በሩ ላይ እንደቆመች «ልብሽ እንዲለሰልስ ሁላችንም እንጾማለን» አለችኝ። «እኔም አብሬያችሁ እጾማለሁ፤ የማን ልብ እንደሚለሰልስ ግን ለእግዚአብሔር እንተውለት» አልኳት። ጾምኩም። እንደ ሰው ሁሉ ራበኝ። ተንበርክኬ ጠየቅሁ፤ የመጣልኝ መልስ ከላቦራቶሪው አልተለየም።

ጾሙን የፈታነው ዳርቬል ቤት ነው። የተጠበሰው ሥጋ፣ ድንቹ፣ የሸርሊን አረንጓዴ የጄሎ ጣፋጭ ካሮቱ ገብቶበት፣ ሁሉም ነበር። ወንድም ቶርገርሰንም ተጋብዘው ከነባለቤታቸው መጡ። ለኔ እንደጻፍሽው ሁሉ ለዳርቬልም ጽፈሽለት ኖሯል፤ ከጸሎቱ በኋላ ሹካ ሳናነሳ ያንን ደብዳቤ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። ሲጨርስ እንዳለቅስ ጠብቀው ይሆናል። ድንቹን አቀብሉኝ አልኩ።

ወንድም ቶርገርሰን ጉሮሯቸውን ጠርገው «ጃኒን፣ በእጄ ያልለቀምኩትን ቅጠል ለእናትሽ አምጥቼ አላውቅም» አሉኝ። እውነት ነው፤ እስከ አምና። «ወንድም ቶርገርሰን» አልኳቸው፣ «ዘንድሮ ረግረጉ ደርቆ ላሞችዎን እንኳ ወደ ላይ አውጥተዋል። ይህን ያህል ከረጢት ከየት ለቀሙት?» ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነብኝ ማለቴ ነበር፤ እሱን ግን ዋጥኩት። ባለቤታቸው እጃቸውን በባላቸው ክንድ ላይ አደረጉ። «የጎደለውን ትንሽ ከሰው ጨመርኩ» አሉ ወንድም ቶርገርሰን። «ከማን?» «ኒፋይ ከተማ አጠገብ ካለ ሰው። ጥሩ ሰው ነው።» «ቅጠሉን ያውቀዋል?» «ጥሩ ሰው ነው አልኩሽ እኮ። አባቱን አውቀው ነበር።» «ከረጢቱን ፈትተው አይተውት ነበር?» አልኳቸው። እንደተሳደብኩ ዓይነት አዩኝና «እንዴት ብዬ ፊቱ ላይ እፈታበታለሁ?» አሉ።

ዳርቬል ይህን አያውቅም ነበር፤ ከፊቱ አየሁት። ግን ወንድሜ ነውና ወዲያው «እንግዲህ ትንሽ ነው ብለዋል» አለ። ሦስት እጅ አድርገው ካካፈሉት አንዱን «ትንሽ» የሚለውን ስሌት ከየት እንደተማረው እንጃ። ቶርገርሰን ኬክ ሳይቀምሱ ተነሡ። እኔ እንዲያፍሩ አልፈለግሁም፤ ሳያፍሩ እንዲሸጡት ደግሞ አልፈቅድም።

ማግስቱን ኒፋይ ላሉት ጥሩ ሰው ስልክ ደወልኩ። ለሌላ ሸጠው ከሆነ እንዲያስጠነቅቁ ነው። «እኔ እኮ አልለቀምኩትም፤ ከአይዳሆ ከአንድ ጥሩ ሰው ነው የገዛሁት» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስንት ጥሩ ሰው እንዳለ አላውቅም። ሁሉም ተጨባብጠዋል። በዚያ ሁሉ መንገድ አንድም ከረጢቱን የፈታ የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ግን የምትመነጠረው ያልጠረጠሩት ሳይሆኑ ጠርሙሱን ከሱቅ የምታነሳዋ ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዳርቬል ገና አልጻፈልሽም ይሆናል፤ ከኔ ስሚው። በከረጢቶቹ ሰነድ ላይ «ውድቅ ተደርጓል» ብዬ ፈርሜ፣ ግራንትን መኪናውን አስነሥቶ እንዲመጣ ነገርኩት። ዳርቬል የመጋዘኑ በር ላይ ቆመ። «ይሄ የእማዬ ንብረት ነው» አለኝ። «ለእማዬ ንገራት፤ እኔም እነግራታለሁ» አልኩት። «ከቤተሰብ ይልቅ መንግሥት በለጠብሽ?» አለ። «መንግሥት ይህን ቅጠል አይውጥም፤ አክስት ላሩ ነች የምትውጠው» አልኩት። ላሩ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለዚያ እንክብል እንቅልፍ እንደማይወስዳት ታውቂያለሽ፤ ዳርቬልም ያውቃል፣ በየወሩ የሚወስድላት እሱ ነው። ገለል አለ። በሩን ግን አልከፈተልኝም፤ እኔው ከፈትኩት። ቅጠሉን ጭነን ቆሻሻ መጣያው ድረስ ሄደን በትራክተር ሲቀበር ቆሜ አየሁ፣ ሰነዱንም ፋይሉ ውስጥ አስገባሁ።

አሁን የሱቆቹ ትእዛዝ ይዘገያል። አንዱ ሱቅ ሊሰርዘውም ይችላል። የሠራተኞቹ የትርፍ ሰዓት ተቋርጧል፤ ከነሱ መካከል ሰላም የማይሉኝ አሉ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምንቀመጥበት አግዳሚ ሰፍቶልናል። የቶርገርሰን ባለቤት የኮክ ኬክ የላክሁበትን ሳህን ባዶውን ደጄ ላይ አስቀምጠው ሄዱ። በኛ ሰፈር ባዶ ሳህን መመለስ ምን ዓይነት ኩርፊያ እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ሌላ ኬክ ጋግሬ በዚያው ሳህን ላክሁላቸው። ሲመልሱ እንደገና እልካለሁ። እስቲ ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።

ዳርቬል ከቦታዬ ሊያነሳኝ ይፈልጋል። የሸርሊንን ወንድም ሊያስቀምጥ ነው፤ ፈርም ሲሉት የሚፈርም ሰው ነው። ፋብሪካው ግን ዛሬም ባንቺ ስም ስለሆነ ያላንቺ ፊርማ አይችልም። ወረቀቱን በዚህ ሳምንት ይልክልሻል። ስለ ቤተሰብ ሰላም የሚያምር ነገርም አብሮ ይጽፍልሽ ይሆናል፤ እጁ ለዚያ መልካም ነው።

እኔ አልለምንሽም። ከሥራው ብታስወጪኝ ሌላ ቦታ እሠራለሁ፤ ከረጢት መፍታት የሚችል ሰው የሚፈልግ ፋብሪካ ከዚህ እስከ ፕሮቮ ሞልቷል። ልጅሽ መሆኔም አይቀርም፤ ኮክሽን አሽጋለሁ፣ አበባሽን አጠጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ጠርሙሶቹ ላይ የተለጠፈው ስም የዳርቬል አይደለም፣ የኔም አይደለም፤ ያንቺ ስም ነው። ስምሽን የምጠብቀው አንቺን ለማስደሰት ቢሆን ኖሮ ገና ዱሮ በፈረምኩ። ወረቀቱ ሲደርስሽ ፈረምሽም ቀደድሽውም፣ ለኔ ለብቻዬ ሳይሆን ሁለታችን በምንሰማበት ጻፊልን፤ ዳርቬል ጮክ ብሎ ያንብበው፣ እሱ ማንበብ ይወዳል።

አባዬን ሳሚልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ሐኪም ዘንድ ጎትተሽ ውሰጂው፣ ግራንት ከማን እንደተማረ አሁን ገብቶኛል በይው። ዓሣ ለሚያመጡላችሁ ጎረቤቶቻችሁ ባላውቃቸውም ሰላምታዬን አቅርቢ። አጠገባችሁ የሚኖሩትን ወጣት ሚስዮናውያን ልጆች እናቶቻቸው እንደሚያስቡላቸው ንገሪያቸው። ግራንት እጅ ይነሳል። ልጆቼ አያቶቻችን ለገና ይመጣሉ ወይ እያሉ ነው። አክስት ላሩ ናፍቃችኋለች፤ ደህና እየተኛች ነው። አባዬ ይዞት የሄደው የእንቅልፍ እንክብል ያምናው ምርት ነው። ያንን አስፈትሼዋለሁ፤ ያለ ስጋት ይዋጠው።

ልጅሽ ጃኒን

ሳንፒት፣ ዩታ
ሴፕቴምበር 12 ቀን 2018