ትርፍ ተብላ ስለተወሰደችብኝ ቅዳሜ

ለተከበሩ የመሥሪያ ቤቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት እንደ ሰነበቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የምጠይቀው ወጉ እንዳይቀር ብዬ ነው እንጂ፣ ጉንፋንዎ እንደ ለቀቀዎት ማክሰኞ፣ ድምፅዎ እንደ ተመለሰ ደግሞ ሐሙስ ባለቤቴ ነግራኛለች። እኔ በመዝገብ ቤትዎ የምትሠራው ሴት ባል፣ በሙያዬም አናጺ ነኝ። ከሦስት ወር ወዲህ ባለቤቴን ቅዳሜ ቅዳሜ ለ«ትርፍ ሰዓት» ስለሚፈልጓት፣ ምስጋናዬን ከጥቂት ቅሬታ ጋር ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቃሉ። እኔ በማውቀው አማርኛ ትርፍ ማለት ለሁሉም ከተዳረሰ በኋላ የቀረ ነው። ጠረጴዛው ሳይወጣ የሳንቃውን ቁራጭ ትርፍ ብዬ አላውቅም። የእኛ ቅዳሜ ከማን እንደ ተረፈች ግን እስካሁን የነገረኝ የለም። ሙሉውን ከፊታችን አንስተው «የተረፈ ነው» ማለትዎን ለቋንቋችን እድገት እንዳደረጉት አስተዋጽኦ ቆጥሬ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. ስለ ማዕረግዎ። በቤታችን መጀመሪያ «እሳቸው» ነበሩ። በሁለተኛው ወር «አለቃችን» ሆኑ። ባለፈው ሳምንት ሽንኩርት እየከተፈች «እሱ እኮ ቀልደኛ ነው» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔን ከተጫጨን በኋላ እንኳ «አንተ» ለማለት ዓመት ፈጅቶባታል፤ እርስዎ በአሥራ ሁለት ቅዳሜ ጨረሱት።

፫ኛ. ባለፈው ቅዳሜ ምሳ ዕቃዋን ረስታ ስለ ሄደች፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ስለ ደበቅሁባት፣ ይዤላት መጣሁ። ዘበኛው «ግባ እንጂ ጋሼ፣ እላይ ናቸው» አለኝ። «ናቸው» ያለው እርሷን አክብሮ ይሁን ሁለታችሁን ቆጥሮ ሳይገባኝ ደረጃውን ወጣሁ። በመስታወቱ በር ያየሁት ምነው የፈራሁት በሆነ! ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። እርሷ በመዝገብ ክምር መካከል ቆማ ታስረዳለች፤ እርስዎ ተቀምጠው የምትለውን በደብተር ይጽፋሉ። አላቋረጧትም፤ ሰዓትዎንም አላዩም። እጇ አየር ላይ ሲንቀሳቀስ ሳየው፣ እንዲህ ስታወራ ካየኋት ስንት ዘመን እንደ ሆነ ማስታወስ አቃተኝ። ምሳውን ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ።

ቤት ስትገባ «እዚያ ምን አግኝተሽ ነው?» አልኳት።

«ሲጠይቀኝ መልሱን እስክጨርስ ይጠብቃል» አለችኝ። «አንተ ‹እንዴት ዋልሽ› ትለኝና መጋዙን ታስነሳለህ።»



፬ኛ. እሑድ የመጋዙን ገመድ ከሶኬቱ ነቅዬ ስለ መዝገቦቹ ጠየቅኋት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራችኝ። ግማሹ አልገባኝም፤ ግን ጠፋ ተብሎ የተለቀሰለትን የሃያ ዓመት መዝገብ ፈልፍላ ያገኘችው ለካ የእኔዋ ሚስት ናት! ይህን ከእኔ ቀድመው በማወቅዎ ይቅር ልልዎ ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም።

ትናንት ከሥራ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች «የዚህን ቅዳሜ አልመጣም አልኩት» አለች። ደስታዬ ፊቴ ላይ ሳይደርስ «ላንተ ብዬ እንዳይመስልህ፤ ደክሞኝ ነው» ብላ ጨመረች። እኔ ግን ለእኔ ብላ እንደ ሆነ አድርጌ ወስጄዋለሁ፤ በይግባኝም አልመለስም።

ረጅም ዕድሜ፣ ሙሉ ጤና፣ ከሁሉም በላይ ራቅ ወዳለ ቅርንጫፍ በሹመት መዛወርን እየተመኘሁልዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ባል

ማሳሰቢያ፦ በመስታወቱ እንዳየሁት የተቀመጡበት ወንበር አንድ እግሩ ላልቷል፤ ወሩን አይጨርስም። ሙያዬ ስለሚያስገድደኝ ተናገርኩ፤ የትኛው እግር እንደ ሆነ ግን በመደበኛ የሥራ ሰዓት ይፈልጉት።