ስምህን አሸዋ ላይ የጣልኩ ቀን

እንድሬ፣ የኔ ሰው፣

እንደምን ከርመሃል ብዬ አልጀምርም፤ የከረምክበትን አላህ ያውቀዋል። እኔ ግን ደክሞኛል። ካንተ ወዲህ ሁለት ረመዳን አለፈ፤ ሁለቱንም ጊዜ ለኢፍጣር ያንተን ሰሃን ሳላስበው አቀረብኩና መልሼ አነሳሁት። መሠረተ ትምህርት ስማር እያሾፍክ ለማን ልትጽፊ ነው ትለኝ አልነበር? ይኸው ላንተ ሆነ። የምጽፍልህ ናፍቆቴን ልነግርህ ብቻ አይደለም። ስለ አንተ የሚወራ አንድ ነገር አለ፤ ከዚህ የሚመጣ ሌላ ሟች ሳይነግርህ ከኔ አፍ ስማው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሻይ ቤቱ አለ። ስኳር በቀበሌ አንዳንዴ ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ሲጠፋ ሰዉ ሻዩን በቴምር ይጠጣል። ጣሪያው በነፋስ ተነስቶ ነበር፤ የሥራ ባልደረባህ ይማም ነው ወጥቶ የመታልኝ። ወባዋ አሁንም መልካ ወረርን አልለቀቀችም፤ አንተን ከወሰደች ወዲህ እኔንም ጎብኝታ ትታኛለች። ስለ ሙቀቱ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ።

ያቺን የጥጥ እርሻውን ላንድሮቨር አሁን ሌላ ሰው ይይዛታል። ስትመጣ ድምጿን ከሩቅ እለያታለሁ፤ ሞኟ ልቤ መጣ ትላለች። አንተ እያለህ ጁምዓ ከሰገዳችሁ በኋላ ልጃችንን ጀማልን መንዳት ልታስተምረው ይዘህ ወደ ደረቁ ወንዝ ትወርድ ነበር። እኔም ምሳ ይዤ እከተላችኋለሁ፤ ስለዚህ ነገሩን በማየት ለመድኩት። ከማርሹ አጠገብ ያለችው ትንሿ ዘንግ ወደ አንዱ ጎን ስትሆን ቀላሉ ማርሽ ነው፣ ለጥርጊያ መንገድ፣ ለመብረር። ወደ ሌላው ስትሆን ከባዱ ነው፤ መኪናዋ እንደ ኤሊ ትሄዳለች፣ ጉልበቷ ግን ሌላ ነው። አሸዋ ከመግባትህ በፊት ቁም፣ ከባዱን አስገባ፣ ከዚያ ሳትቸኩል ሂድ ትለው ነበር። ከሰመጠ በኋላ ማርሽ የሚቀይር ሹፌር አይባልም፣ ቀባሪ ነው እያልክ። ልጁ ሲቸኩል ትቆጣዋለህ፤ ሲያወጣ ደግሞ ዞር ብለህ እኔን ታየኛለህ፣ እኔ የነዳሁት ይመስል። ያንን አስተያየትህን እንዴት እንደምወደው ነግሬህ አላውቅም።

የቀብርህ ዕለትም የወሰደህ ጀማል ነው። እንዳትናጥ ብሎ መንገዱን በሙሉ በከባዱ ማርሽ ነዳ። ሹፌሮቹ ሁሉ ከኋላ በእግራቸው ተከተሉ፤ የዚያን ያህል ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው የጥጥ ለቀማ ሰሞን ሰዎች መጡ። በሰሜን ለጦሩ ስንቅና ጥይት የሚያመላልስ፣ አሸዋና ጭቃ የሚያውቅ ሹፌር ነው የምንፈልገው አሉ። መሪ የሚይዙትን የእርሻውን ወጣቶች በሙሉ ስም ጠሩ። ጀማልም አለበት። ፈተናው እዚያው ደረቁ ወንዝ ላይ ነው፣ መኪናዋን ከአሸዋው ያወጣ ይዘምታል፣ ያላወጣ ወደ ሥራው ይመለሳል ተባለ። ከዚህ በፊት ከሄዱት ውስጥ ደጄን አልፎ ወደ ቤቱ ሲገባ ያየሁት ልጅ የለም።

እራት ላይ ለጀማል ነገርኩት። በቀላሉ ማርሽ ግባ፣ ሲከብድህ ነዳጅ ርገጥ፣ ጎማው ራሱ ጉድጓዱን ይቆፍርልሃል አልኩት። እራቱን ትቶ ተነሳ። የአባቴን ስም አሸዋ ላይ ልጣለው ወይ አለኝ። ስም እናት የለውም፣ አንተ ግን አለህ አልኩት። ታውቀኛለህ፣ ስጨነቅ አፌ አይያዝም። ወጥቶ ሄደ፤ በማግስቱ ምን እንደሚያደርግ ሳላውቅ ነው ወንዙ ዳር የሄድኩት።

አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ከጀማል በፊት የገቡት ሁለት ልጆች አወጡ። የአንደኛው እናት ልጇ መኪናዋን ሲያወጣት በልማድ እልል ልትል አፏን ከፈተችና፣ ነገሩ ትዝ ሲላት በነጠላዋ አፈነችው። ከዚያ የጀማል ተራ ደረሰ። እጁ ወደ ትንሿ ዘንግ ሄደ። ነካት፣ ትንሽ ቆየ፣ እጁን መለሰ። በቀላሉ ገባና መሃል ላይ ሲደርስ ነዳጁን ረገጠው። መኪናዋ አጓራች፣ አሸዋውን ወደ ኋላ በተነችው፣ እስከ ሆዷ ድረስ ሰመጠች። አልሐምዱሊላህ አልኩ በሆዴ።

ሰዎቹን ይዞ የመጣው መቶ አለቃ ግን ሞኝ አልነበረም። የማን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀ። አንዱ ወሬኛ፣ አፉ ይቆረጥና፣ የእንድሪስ ልጅ ነው፣ በአሚባራ እንድሪስን የሚስተካከል ሹፌር አልነበረም አለው። ፊቱ ተለወጠ። የእንዲህ ያለ ሰው ልጅ እንዴት ብሎ ይሰምጣል፣ ይሄ አሻጥር ነው አለ። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ምን እንደሚሆን አንተም ሳትሞት አይተሃል። ልጄን ከአንዱ እሳት አውጥቼ ወደ ባሰው ጣልኩት አልኩ።

አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም። ከሴቶቹ መሃል ወጣሁና፣

«ኧረ ጌታዬ፣ አባቱም መንዳት አያውቅም ነበር» አልኩ።

እነዚያ ሁሉ ሹፌሮች፣ ከስንቱ ጭቃ ጎትተህ ያወጣሃቸው፣ መሬት መሬቱን አዩ። አሁን አንዱ ያጋልጠኛል አልኩ። በመጨረሻ ይማም ከት ብሎ ሳቀ። እውነቷን ነው፣ ከባዱንና ቀላሉን ሳይለይ ነው የሞተው፣ ስንጎትተው የኖርነው እኛ ነን አለ። ገዋኔ መንገድ ላይ ሰምጠህ፣ ሰው መጥቶ እስኪያወጣህ ድረስ መኪናው ሥር ተኝተህ እንደዋልክ አወራ። እንድሬ፣ ያ እኮ የራሱ የይማም ታሪክ ነው። ሄደህ ያወጣኸው አንተ ነበርክ። የራሱን ውርደት አንስቶ አለበሰህ። ከዚያ ሌላውም ቀጠለ፣ ሌላውም፤ እያንዳንዱ የደረሰበትን እያነሳ ላንተ ሰጠ። ሰዉ ሳቀ፣ መቶ አለቃውም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጀማል ብቻ መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። መቶ አለቃው በአባቱ አፍሮ የሚያለቅስ መሰለው። ይሄንንስ እናቱ ትያዘው ብሎ ወደሚቀጥለው ልጅ ሄደ።

ልጅህ ቤት ነው። መሪ አይነካም፤ ቢነካ ይታወቅበታል፣ ሰዎቹም ይመላለሳሉ። ጥጥ ማሳ ውስጥ ውሃ ያጠጣል። ከኔ ጋር ብዙ አያወራም። ይሁን፣ ዝም ያለም ልጅ እራቱን ይበላል። ያቺ እልል ልትል የነበረች ሴት አልፎ አልፎ ሻይ ልትጠጣ ትመጣለች፤ ዓይኗን ማየት ያቅተኛል። ልጇን ጎበዝ አድርጋ ከማሳደግ በቀር ምን አጠፋች?

አንተን ደግሞ ምን ልበልህ? ቀልዱ ከወንዙ ወጣ። አሁን መኪና ሲሰምጥ «እንድሪስ ሆነ» ይላሉ፣ ከአዋሽ እስከ ዲቾቶ። በቀደም አንድ የአሰብ መንገድ ሹፌር የማን ቤት እንደገባ ሳያውቅ ያንተን ነገር አወራልኝ። አንድ እንድሪስ የሚባል ነበር አሉ፣ የከባዱን ማርሽ ዘንግ ሽርጡን ሲሰቅልበት የኖረ። ሳቅኩለት፣ ሻዩንም ደገምኩለት። ከዚያ ጓሮ ገብቼ እንጨት የምፈልግ መስዬ አለቀስኩ።

እውነቱን የሚያውቁት ለልጁ ሲሉ አይናገሩም። ስለዚህ አንተን የማስታወስ ሥራ የኔ ሆኗል፤ ቢከብደኝም ይዤዋለሁ። ሰው ባለበት አማሃለሁ። ነገ ተመልሰው ከመጡ ከዚህም የባሰ እላለሁ፤ ከከፋህ ስንገናኝ ተቆጣኝ። ሱብሂ ሰግጄ፣ ፋቲሃ ቀርቼልህ ብቻዬን ስቀመጥ ግን እውነቱን እላለሁ፦ እንደ እንድሪስ የነዳ የለም። አንተ ዘንድ እስክመጣ ድረስ በየቀኑ እለዋለሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምለው፤ ልጅህ እዚያው አጠገቤ ተኝቷል።

ያንተው ዘሀራ